ቀዩ ሳህን ቢጫ ሲሆን

ዳማድ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወንዝ፣ ሳይመጣ አሸዋ በሆነ ሸለቆ ዳር፣ ሁለት ሰዎችና አንድ መንጋ ፍየል የምንኖርበት እርሻ ነበር። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሌላውን አያ እለው ነበር። በእኛ በወሎ አያ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ አንቱታ ሳይጨመርበት ክብርም ፍቅርም የያዘ ቃል ነው። የሥጋ ዝምድና ግን አልነበረንም። እሱ ከቆላ፣ እኔ ከደጋ ነን፤ እዚያው አገራችን ብንሆን ገበያ መሀል ተጋፍተን ሳንተያይ እንተላለፍ ነበር። ሳዑዲ፣ ጂዛን መጥተን ግን እኔ አማርኛ ስናገር የሚሰማኝ እሱ ብቻ ሆነ፣ እሱንም የምሰማው እኔ ብቻ።

አሠሪያችንን ከፊል እንለዋለን፤ በዐረብኛ ለመኖሪያ ፈቃድ ዋስ የሚሆን አሠሪ ማለት ነው። በወረቀት የማናችንም ከፊል አልነበረም፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ እኔም አያም የለንም። ቢሆንም ና ሲለን እንመጣለን፣ ሂድ ሲለን እንሄዳለን፤ ከፊልነት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ቤቱ ሳብያ ነው። የፍየሎቹን ወተት እኛ በስልቻ እየናጥን ቅቤውን እናነጥራለን፣ ሰምን ይሉታል፤ እሱ ኸሚስ ኸሚስ፣ ማለትም በየሐሙሱ፣ በፒክአፕ መጥቶ ይወስደዋል። ሰምኑ በሳብያ ገበያ ስም ያለው ነው ብሎ ይኮራል። እኛ ያንን ገበያ አይተነው አናውቅም። በመኪና ሩቅ አይደለም ይባላል፤ ወረቀት ለሌለው ሰው ግን መንገድ ላይ ፍተሻ ካለ ቅርብ የሚባል አገር የለም።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት በባዮሎጂ ዲግሪ ይዤ ነው። ዲግሪው አገር ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ በባሕር፣ ከዚያም በየመን በኩል መጣሁ። መንገዱን አልተርከውም፤ ብዙ ሰው ተርኮታል። አያ መማሬን የሰማ ዕለት ሳቁ አላቆም ብሎት ነበር። «የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰውዬ፣ ይኸው መጣህለት፤ ግን መጀመሪያ ፍየል ማለብ ተማር!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ ደክቶር ይለኝ ጀመር። ደክቶር እንጨት ልቀም፣ ደክቶር ስልቻውን ናጥ። ሲጀምር ያበሽቀኝ ነበር። በኋላ ሳይጠራኝ የዋለ ቀን ምን ሆነ ብዬ እጨነቅ ጀመር።

አያ ሲያልብ ማየት ደስ ይላል። በበረቱ ምሰሶ ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በሽቦ ተንጠልጥላለች፤ ውስጧ ሰምን አለ። አያ ማለቢያውን ጉልበቱ መሀል ያደርግና ሁለት ጣቱን ቆርቆሮዋ ውስጥ ነከር አድርጎ የፍየሏን ጡት ቀባ ቀባ ያደርጋል። በአፉ የሆነ ዜማ ያጉረመርማል፤ ጸሎትም ልመናም ነው። ፍየሏ እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆምለታለች። እሷን ሲጨርስ ወደምትቀጥለዋ ይሄዳል። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ያው ጣት፣ ያቺው ቆርቆሮ። አገር ቤት ሰው እንዲህ ነው የሚያልበው፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እኔም ከአያ ጎን ቁጭ ብዬ ጣቴን ከሱ ቀጥዬ እነክር ነበር። ጡት ሳይቀቡ በደረቅ እጅ ማለብ ለሱ ነውር ነው። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር በረት ውስጥ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አንዲት ቡላ ፍየል ግቷ በአንድ ወገን ጠጠረ። ወተቷ ውሃ ሆነ፤ የተቆራረጠ አይብ የመሰለ ነገር ይወርድበታል። አያ ጨው በውሃ እያሞቀ በጨርቅ ይተኩስላት ጀመር። ሳይሻላት ሁለተኛዋ ታመመች፣ ቀጥላ ሦስተኛዋ። አያ ዓይን ነው አለ። ጡዋል ከሚባለው የየመን ድንበር ጭነት አድርሶ ሲመለስ ውሃ ሊጠይቀን የገባ አንድ የመናዊ ሹፌር ነበር፤ ፍየሎቹን እያየ «እንዴት ያሉ ናቸው!» ብሎ ማሻአላህ ሳይል ወጥቷል። አያ ያንን ሰውዬ ለብዙ ቀን ረገመው። እኔ ሹፌሩን ከዓይኑ ይልቅ በጫማው አስታውሰዋለሁ፤ የሱን የመሰለ ጫማ ተመኝቼ ነበር።

ከፊሉ የተበላሸውን ወተት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፣ ሸበቶ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ከታመሙት ፍየሎች ወተት በትናንሽ ጠርሙስ ቀዳ። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ስንጥር አወጣና የእኔንም የአያንም ጣቶች፣ አፍንጫችንንም ጠረገበት። ከፊሉ ምን ፈልገህ ነው ሲለው «ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ ከሚያልበው ሰው ነው የሚሄደው» አለው። ያኔ ነው እኔ ሳላስበው «ስታፊሎኮከስ» ያልኩት። ለራሴ ነበር ያልኩት፣ ግን ተሰማ።

ሐኪሙ ስንጥሩን እንደያዘ ቀና አለ። «ተምረሃል?»

«ኣይዋ» አልኩ፣ አዎ ማለቴ ነው።

«ምን?»

ነገርኩት። ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ «እኔም ኸርጡም ላይ አስተማሪ ነበርኩ» አለኝ። ፒክአፑ ሄዶ አቧራው እስኪበርድ ቆሜ ቀረሁ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ ማወቅ አቅቶኝ።

ለምን እንዲያ እንደሆንኩ ላስረዳ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በደሴ ዙሪያ ከላም ባለቤቶች ወተት እየለመንኩ ይህንኑ ባክቴሪያ ፈልጌ ነበር። መፈለጊያው ቀይ ሳህን ነው፤ ጨው የበዛበት፣ ማኒቶል የሚባል ስኳር የተጨመረበት፣ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ያለበት ክብ ሳህን። ጨውን ብዙ ባክቴሪያ አይችለውም። ከሚችሉት ውስጥ ደግሞ ያ ማኒቶልን የሚበላው በሽታ አምጪው ነው ማለት ይቻላል። እሱ ውስጡ አንድ ጂን አለው፤ በጂኑ ትእዛዝ አንድ ኢንዛይም ይሠራል፤ ኢንዛይሙ ማኒቶሉን ይይዝና ሃይድሮጂኑን ነጥቆ የፍራፍሬ ስኳር ያደርገዋል። ከዚያ እንደማንኛውም ስኳር ይበላል፣ የበላውም አሲድ ይወጣዋል፣ አሲዱ ቀዩን ሳህን ቢጫ ያደርገዋል። ማታ ቀይ ትቶ ጧት ቢጫ ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት ለሰው ማስረዳት አልችልም። ጂኑን ራሱን ነጥዬ ለማየትም ፈልጌ ነበር፤ ኬሚካሉ ከውጭ ይመጣል ይመጣል እየተባለ ሳይመጣ ተመረቅሁ።

ሐኪሙ የወሰደው ወተትና ጥጥ ሳህን ላይ አድሮ ውጤቱ ሲደርስ ከፊሉ እኔን ሳብያ ወደ ሐኪሙ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሦስቱን ፍየሎች መርፌ ሲወጉ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በፒክአፑ ጭነት ላይ ከፍየሎቹ ጋር ሸራ ለብሼ፣ በአሸዋው መንገድ፣ ፍተሻውን ዞረን ገባን። ከተማዋን ያየሁት በሸራው ቀዳዳ ነው። የመኪና ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች፣ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ጠጉሩ ላይ አበባ ጉንጉን ያደረገ ሽማግሌ አየሁ። ሰው እንዲህ ብዙ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ፍየሎቹ ተወግተው ከፊሉ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ሐኪሙ በእጁ ጠራኝ። የውስጠኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሳህኖቹ ተደርድረዋል። የሦስቱ ፍየሎች እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆነዋል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ወደዚያ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አስቀድሜ የማውቀው፣ እኔን የሚያውቀኝ የሚመስል ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ሰው በባዕድ ከተማ ድንገት የሰፈሩን ልጅ ሲያገኝ እንደዚያ ይሆናል። እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም።

ሐኪሙ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሳህኖች አሳየኝ። «ይሄ የሽማግሌው ነው» አለ፣ አያን ማለቱ ነው። ቀይ ነው፤ እንደ ነበረ አለ። «ይሄ ያንተ ነው።» ቢጫ ነው።

በጥርጣሬዬ ጥፋተኛው አያ ነበር። አውራ ጣቱ ላይ የማይድን ስንጥቅ አለች፤ ቆርቆሮዋም የሱ ናት። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ «ወንጀል አይደለም» አለኝ። «ስንት ጤነኛ ሰው አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይኖራል። የሚቀባ መድኃኒት እሰጥሃለሁ፣ ይጠፋል። እጅ መታጠብ ነው፣ የየፍየሉን ጡት በየራሱ ጨርቅ ማድረቅ ነው።» ከዚያ ስለ ቆርቆሮዋ ጠየቀኝና ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «መንገዱ እሱ ነው። ካንተ ወደ ሰምኑ፣ ከሰምኑ ወደ ሁሉም።» ሊያስወጣኝ ሲል ደግሞ ትከሻዬን ያዘኝና «ለባለቤቱ ከሁለቱ ከአንዱ ነው እለዋለሁ እንጂ ካንተ ነው አልለውም» አለኝ።

ደግ ሰው ነበር። ጣጣውን ያመጣው ግን ይኸው ደግነቱ ነው። ከፊሉ እርሻው ስንደርስ መኪናውን ሳያጠፋ ሁለታችንን ጠርቶ ተናገረ።

«በሽታው ከአንዳችሁ ነው። ማን እንደሆነ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ በሽተኛ አላስቀምጥም፤ ሹርጣ ፖሊሱም በየእርሻው እየዞረ ነው፣ ሁለት ሰው ደብቄ መኖር ሰልችቶኛል። ኸሚስ ስመጣ አንዳችሁ ልብሱን ይዞ ይጠብቀኝ። ኸላስ፣ በቃ።»

መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አስፋልቱ ዳር ያወርድሃል። ከዚያ አንድም ፖሊስ ይይዝህና እስር ቤት ተጨናንቀህ ወደ አገር የምትጫንበትን ቀን ትጠብቃለህ፣ አለዚያም ሌላ እርሻ እስክታገኝ በየቁጥቋጦው ትተኛለህ። የሚቀረው ደግሞ ብቻውን ይቀራል። እኔ ከሁለቱ የትኛውን የበለጠ እንደፈራሁ ዛሬም መናገር አልችልም።

ፍየሎቹን ውሃ እያጠጣን ለአያ ነገርኩት። «አያ፣ በሽታው እኔ ላይ ነው ያለው። ሳህኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ሳህን ምን ያውቃል?» አለኝ።

አስረዳሁት። አቀማመጡን አስተካክሎ ሰማኝ፤ በዚያ እርሻ ላይ ስለ ተማርኩት ነገር አንድ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ማኒቶል ምንድን ነው ሲለኝ የስኳር አልኮል ይባላል አልኩት። ደንግጦ «አዑዙ ቢላህ! ሐራም ነዋ!» አለ። ስሙ ነው እንጂ አያሰክርም፣ ከተክል ነው የሚገኘው ብዬ አረጋጋሁት።

«እና ይሄ ትል እሱን ስለሚበላ ነው የታወቀው?»

«ትል አይደለም አያ፣ ከትል በጣም ያንሳል። አዎ፣ የሚበላበትን ኢንዛይም ስለሚሠራ ነው።»

«ወተታችን ውስጥስ ይሄ ስኳር አለ?»

«የለም። የወተት ስኳር ሌላ ነው።»

«ታዲያ የሌለውን ነገር ምን አሰጣቸው?»

«ሊለዩት ነዋ።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ድግስ ደግሰው ያዙት በለኛ! ምስኪን። አፉን ባይከፍት ኖሮ ማን ያውቀው ነበር።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። የከፋው ስለ ቆርቆሮዋ ስነግረው ነው። ጣት በነከርን ቁጥር ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያጋባነው በሰምኑ ነው፣ ከእንግዲህ ሳንቀባ በደረቅ እጅ ነው የምናልበው አልኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«በደረቅ እጅ ጡት የሚጎትት ሌባ ነው» አለኝ። «እነዚህን ፍየሎች ከእናታቸው ሆድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ እንዲህ አለበ፣ አያቴ እንዲህ አለበ። የማን ከብት አለቀ?»

«አያ፣ ያኔ አንድ ላም ነበረቻቸው። እዚህ መንጋ ነው።»

«ደክቶር!» አለኝ፤ ያን ዕለት ግን ቀልድ አልነበረበትም። ተነስቶ ሄደ።

ከዚያ እስከ ኸሚስ አላናገረኝም። ያንን ዝምታ ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቦታ አንዱ ሲያኮርፍ አገሩ በሙሉ እንዳኮረፈ ነው። አሲዳ የሚሉትን ገንፎ ያገነፋል፣ የኔን ድርሻ በሳህን ከድኖ ደጄ ላይ ያስቀምጣል፣ ፊቱን ያዞራል። የጂዛን ሙቀት እንደሆነ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ነው፤ አቧራው ሲነሳ ሰማዩም ምድሩም አንድ ይሆናል። እኔ ሳልቀባ አልባለሁ፣ ፍየሎቹ ይራገጡብኛል፤ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል፣ ሲራገጡ ከንፈሩን ይነክሳል። አንዴ ድምፅ ለመስማት ብቻ ብዬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ዞሮ አየኝ። ያብድ ጀመር ብሎ አስቦ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

ሮብ ዕለት ቆርቆሮዋን ከምሰሶው ላይ አጣኋት። አያ ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ሰምኑን ሲቀብር አየሁት። ቅቤ መድፋት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። እንዳየሁት አላሳወቅሁትም። ተስማምቷል ማለት ነው፣ እኔ ስሄድ በደረቅ እጅ ሊያልብ ነው ብዬ ልቤ ቀለል አለ። ልብሴንም በፌስታል አሰርኩ። ለመሄድ ቆርጬ ነበር፤ በሽታው የኔ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ኸሚስ ጧት ነው አያ አፉን የከፈተው። «ያቺ ቀንዳማዋ ማሽላ ውስጥ ሳትገባ አልቀረችም፣ ሂድ መልሳት» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ማሽላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰስኩት፤ ፍየል የሚባል የለም። ስመለስ ቀንዳማዋ በረት ውስጥ ቆማ ታመሰኳለች። ፒክአፑ መጥቷል። አያ ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ ያቺን አሮጌ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ታቅፎ ተቀምጧል።

ወደ ከፊሉ መስኮት ሮጥኩ። «ዓሚ፣ እኔ ነኝ! ቢጫው የኔ ነው፣ ሐኪሙን ጠይቀው፣ እኔ ነኝ የምሄደው» አልኩት። ዓሚ ማለት አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ሲለመን እንዲያ ነው የሚባለው።

ከፊሉ በጣቱ ወደ ኋላ አመለከተ። «ሽማግሌው ትናንት ደውሎ ነገረኝ። እጁንም አሳይቶኛል፣ ተሰንጥቋል።»

አያ ከላይ ሆኖ በዐረብኛ «አትስማው፤ ልጅ ነው፣ ሊያለቅስልኝ ነው» አለ። ከፊሉ ሳቀ። ዘልዬ የጭነቱን ጠርዝ ያዝኩ።

«አያ፣ ውረድ። ያንተ ቀይ ነው። ንጹሕ ነህ!»

«ቀስ በል፣ ፍየሎቹን ታስደነግጣለህ» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና በዝግታ፣ ከፊሉ አማርኛ ባይሰማም እንደ ምሥጢር ነገረኝ። «ስማኝ። በሽታው አንተ ላይ ይኑር፤ መንገዱን የጠረገለት የኔ ጣት ነው። በደረቅ እጅ ማለብ ደግሞ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ አንተ ትለምዳለህ። ሌላው…» አለና ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። ዓይኖቹ እንባ ቋጠሩ። «የልጅ ልጅ አለኝ፣ አይቼው አላውቅም። በየዓመቱ የዛሬ ዓመት እላለሁ። በባዶ እጄ እንዴት ብዬ ልግባ? የተባረረ ሰው ግን ለምን መጣህ አይባልም። ሰበብ ነበር የጠፋኝ፣ ሰበብ አመጣህልኝ። ልቀቅ አሁን።»

አልለቀቅኩም። ፒክአፑ ሲነሳ ጥቂት ተጎተትኩና ወደቅሁ። «ያላ፣ እንሂድ!» ሲል ሰማሁ፣ ከፊሉ ይሁን አያ አላውቅም። ሲርቅ እጁን አላነሳም፤ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

ተናደድኩበት። ይህን መናገር አለብኝ። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ እንዴት ያለ ቅን ሰው ይላሉ፤ እኔ ለብዙ ቀን የተሰማኝ ንዴት ነበር። እኔን ጠይቆኝ ነው? ከሁለቱ ቅጣቶች የትኛው ይሻላል ብሎ አማክሮኝ ነው? ማሽላ ውስጥ በውሸት ልኮኝ! እሱ ወደ ሰው ሄደ፣ እኔን ከፍየል ጋር ተወኝ። የሚበላውን ከድኖ የሚያስቀምጥልኝ ጠፋ፤ የማኮርፍበትም የሚያኮርፈኝም ጠፋ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል የሰማሁት ስለ ሥራ መስሎኝ ነበር።

መድኃኒቱን ተቀባሁ። እጄን በሳሙና እስኪላጥ ታጠብኩ። የየፍየሏን ጡት በየራሷ ጨርቅ አደረቅሁ፤ ጨርቆቹን አፈላሁ። ግታቸው ለሰለሰ፣ ወተቱም ጠራ። አንዲቷ፣ ቡላዋ፣ አንደኛው ጡቷ ደርቆ ቀረ። ፍየሎቹ የእጄን ድርቀት ለመዱት፣ ዝምታዬን ግን አልለመዱትም፤ የአያን ዜማ ልሞክር ብዬ ቃሉን አላውቀውም። በመጨረሻ የማውቀውን ነገር አዜምኩላቸው። ማኒቶል ወደ ሴል ይገባል፣ ፎስፌት ይለጠፍበታል፣ ኢንዛይሙ ይመጣል እያልኩ፣ እንደ መንዙማ እያስረዘምኩ። ቆሙልኝ። ሳቄ መጣ፤ ዞር ብዬ የሚስቅልኝ ስፈልግ ሳቄ ቆመ።

ሐኪሙ ሲመለስ ጣቴንና አፍንጫዬን እንደገና በጥጥ ጠረገኝ። ቀጣዩ ኸሚስ ላይ ከፊሉ በመስኮቱ ሆኖ «ሐኪሙ ቀይ ነው በለው ብሎሃል» አለኝና ሰምኑን ጭኖ ሄደ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ሳህኑን እንዳየሁት ያህል አየሁት፤ ማኒቶሉ ሳይነካ፣ ቀይ እንደሆነ ያደረ። የመመረቂያ ውጤቴን ስሰማ እንኳን እንዲህ አልተደሰትኩም። ለማን ልንገረው ብዬ ዞርኩ።

አያ የደወለው ብዙ ቆይቶ ነው። እስር ቤት እንደቆየ፣ ከዚያ በአውሮፕላን እንደተጫነ ቀድሞ ሰምቻለሁ፤ እሱን ያገኘሁት ግን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ድምፁ ወፍሯል። ከኋላው ሰው ይስቃል፣ ዕቃ ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል። «ይሄ ነው፣ ሰማኸው? ጉሮሮው እንደ ፍየል ነው» አለኝ። ፍየሎቹን በየተራ ጠየቀኝ። የቡላዋን ስነግረው ከንፈሩን መጠጠ።

«ያንተስ? ሳህኑ?»

«ቀይ ሆነ አያ። ጠፋ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ፣ እየጮኸ። ለቤቱ ሰው «ጠፋ ይላል፣ ድኗል!» ሲል ሰማሁት። ሰዎቹም አልሐምዱሊላህ አሉ፤ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ከማን ጋር ታወራለህ?»

«ከማንም» አልኩት።

አያ ስልኩን አልዘጋውም፤ ወደ ቤቱ መሀል አስጠጋው መሰለኝ ድምፁ ሁሉ ቀረበ። ካርዱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ሳንነጋገር፣ የሱን ቤት ጫጫታ ሰማሁ።